ዳገት፣ ቤንዚንና ባትሪ፦ ለከፍታ ቦታ የሚሆን ባለሁለት ሞተር ብስክሌት ንድፍና ስሌት

ብስክሌት በባሕር ዳርና በሐዋሳ ጎዳናዎች የዕለት ተዕለት መጓጓዣ ሆኖ ሲኖር፣ በአዲስ አበባ ይህን ያህል ያልተለመደበት ምክንያት ብዙ ነው። ከምክንያቶቹ አንዱ ግን ክርክር አያስነሳም፤ እርሱም ዳገቱ ነው። ሁለቱ የሐይቅ ዳር ከተሞች በአብዛኛው ሜዳ ላይ የተዘረጉ ናቸው፤ አዲስ አበባ ግን በአማካይ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ፣ በስተሰሜን ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሚደርሰው እንጦጦ ትወጣለች። በእንዲህ ያለ ከተማ ብስክሌትን ለሥራ መጠቀም የፈለገ ሰው ሞተር መግጠም ይቀናዋል። ጥያቄው የትኛውን የሚለው ነው፦ ትንሽ የቤንዚን ሞተር፣ ኤሌክትሪክ ሞተር፣ ወይስ ሁለቱንም?

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ሦስተኛውን አማራጭ ነው። ምርመራው የቀረበው በስሌት ሲሆን፣ ሲሠራበት የነበረው ጥያቄም ቀላል ነው፤ አንድ ብስክሌት ላይ ሁለት ሞተር መጫን የሚያመጣው ጥቅም፣ የሚጨምረውን ክብደት፣ ወጪና ውስብስብነት ይመልሳል ወይ? መልሱ የሚወሰነው በሞተሩ ዓይነት ብቻ ሳይሆን በመንገዱ ቅርጽ፣ በከፍታውና፣ ብዙ ጊዜ በሚዘነጋው፣ በማርሹ ምጥጥን ነው። በስሌቱ ውስጥ «ጉልበት» በኒውተን የሚለካውን፣ «አቅም» በዋት የሚለካውን፣ «ኃይል» ደግሞ በዋት-ሰዓት የሚለካውን ያመለክታል። በዕለት ንግግር ሦስቱ ስለሚቀላቀሉ ይህን ከመነሻው መለየት ያስፈልጋል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ፈርዲናንድ ፖርሽ በ1900 እ.ኤ.አ. ከሎነር ፋብሪካ ጋር በሠራው ተሽከርካሪ ላይ የቤንዚን ሞተር ዲናሞ እያዞረ፣ በጎማዎቹ መሐል የተገጠሙ ኤሌክትሪክ ሞተሮች መኪናውን ይነዱ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ደግሞ በፈረንሳይ ቬሎሶሌክስ፣ በጣሊያን 48 ሲሲ ያለው ኩቾሎ ተራውን ብስክሌት ወደ ሞተር ብስክሌት ለወጡት። የዛሬው ባለሁለት ሞተር ብስክሌት የእነዚህ ሁለት ሐረጎች ዲቃላ ነው ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ የሊቲየም ባትሪ መምጣቱና የኤሌክትሪክ ሞተሩ ክብደት ወደ ሦስት ኪሎ ግራም መውረዱ ነው።

ጉዞው የሚጠይቀው ጉልበት

ለስሌቱ የተወሰደው ብስክሌት 26 ኢንች ጎማ ያለው፣ የብረት ፍሬም የሆነና 17 ኪሎ ግራም የሚመዝን ነው። ነጂው 70፣ የኤሌክትሪኩ ክፍል (ሞተር፣ ባትሪ፣ መቆጣጠሪያና ሽቦ) 7፣ የቤንዚኑ ክፍል (ሞተር፣ ማርሽ ሳጥን፣ ማሰሪያ፣ ካቴና፣ ነዳጅ) 8፣ ጭነቱ 8 ኪሎ ግራም ሆኖ ጠቅላላው 110 ኪሎ ግራም ይሆናል። ክብደቱ ወደ 1,079 ኒውተን ነው።

ብስክሌቱን የሚቃወሙት ነገሮች ሦስት ናቸው። የጎማው ከመንገድ ጋር መፋተግ በደህና አስፋልት ላይ የክብደቱ 1 በመቶ ቢወሰድ 10.8 ኒውተን ይሆናል፤ ይህ ፍጥነት ቢቀየርም ብዙም አይለወጥም። በኮብልስቶን ንጣፍ ላይ ግን እጥፍ ሊሆን ይችላል። የአየር ግፊያ በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል። ቀና ብሎ የተቀመጠ ነጂ ለአየሩ የሚያቀርበው ስፋት ከቅርጹ ጋር ተባዝቶ 0.55 ካሬ ሜትር ቢያዝ፣ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ በአዲስ አበባ 12 ኒውተን ያህል ይሆናል። ሦስተኛውና ዋናው የዳገቱ ስበት ነው። በ8 በመቶ ዳገት፣ ማለትም በየመቶ ሜትሩ 8 ሜትር በሚወጣ መንገድ ላይ፣ 86 ኒውተን ይደርሳል።

ስለዚህ በሜዳ ላይ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 23 ኒውተን ወይም 159 ዋት ከጎማው ላይ ይበቃል። በ8 በመቶ ዳገት በዚያው ፍጥነት ለመውጣት ግን 109 ኒውተን ወይም 756 ዋት ያስፈልጋል። ፍጥነቱ ወደ 20 ቢወርድም የሚፈለገው 581 ዋት ነው። አንድ ጤናማ ሰው ለረዥም ጊዜ ሳይደክም በፔዳል የሚሰጠው 80 ዋት አካባቢ መሆኑ ሲታሰብ፣ ብስክሌት በዳገታማ ከተማ ለምን እንደተተወ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። ሜዳና ዳገት በአንድ ከተማ ውስጥ ሲገናኙ የሚፈለገው አቅም አራትና አምስት እጥፍ ይለያያል። አንድ ትንሽ ሞተር ለሁለቱም እኩል ሊመች የማይችለው ከዚህ የተነሣ ነው።

ከፍታው ማንን ይጎዳል?

በ2,400 ሜትር ላይ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ሙቀቱ 16 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን የአየሩ እፍግታ በሜትር ኩብ 0.91 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ በባሕር ጠለል መደበኛ ተብሎ የሚወሰደው 1.225 ነው። ይህ ቅናሽ ለነጂው አንድ ስጦታ፣ አንድ ቅጣት ያመጣል። ስጦታው የአየር ግፊያው በሩብ መቀነሱ ነው። ቅጣቱ ደግሞ አየር እየሳበ የሚሠራው የቤንዚን ሞተር በየምቱ የሚያስገባው ኦክስጅን በዚያው ልክ መቀነሱ ነው። የሆንዳ አነስተኛ ሞተሮች መመሪያ ካርቡራተሩ ለከፍታ ከተስተካከለ በኋላም በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል አቅም እንደሚጠፋ ይገልጻል፤ ለ2,400 ሜትር 28 በመቶ ማለት ነው። ከእፍግታው ስሌት የሚገኘው ውጤትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በሚከተለው ስሌት ቀሪው አቅም 0.73 ተደርጎ ተወስዷል።

ስጦታውና ቅጣቱ በሜዳ ላይ በከፊል ይጣጣማሉ። በዳገት ላይ ግን አይጣጣሙም፤ የምድር ስበት በከፍታ አይቀንስምና። በሌላ አነጋገር የቤንዚን ሞተር በከፍታ ቦታ የሚደክመው በጣም በሚፈለግበት ሰዓት ነው። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይስብ ይህ አይነካውም፤ የሚነካው ነገር ቢኖር ስስ አየር ሙቀትን በመጠኑ ያነሰ መውሰዱ ብቻ ነው። በደጋ አገር ሁለቱን የማጣመር ሐሳብ ሚዛን የሚደፋውም እዚህ ላይ ነው።

ስለ ካርቡራተሩ አንድ ነገር መጨመር ይገባል። አየሩ ሲሳሳ የሚሳበው ነዳጅ በአየሩ ልክ አይቀንስም፤ ከአየሩ አንጻር የነዳጁ ድርሻ በእፍግታው ስኩዌር ሩት ተገላቢጦሽ ይጨምራል። ለአዲስ አበባ ይህ 15 በመቶ ገደማ የሚሆን ትርፍ ነዳጅ ነው። ካንዴላው በጥቀርሻ ይጠቁራል፣ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ሞተሩም ከሚገባው በላይ ይደክማል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የካርቡራተሩን የነዳጅ ቀዳዳ በስፋት 14 በመቶ፣ በዲያሜትር 7 በመቶ ገደማ በሚያንስ መተካት። ከባሕር ጠለል አገር የመጣን ሞተር እንዳለ ገጥሞ «አቅም የለውም» ማለት ሞተሩን መበደል ነው።

የሞተሮቹ ምርጫና አቀማመጥ

ለብስክሌት ተብለው በዓለም ገበያ በብዛት የሚሸጡት ባለሁለት ምት፣ 49 ሲሲ አካባቢ የሆኑ ሞተሮች ናቸው። ርካሽነታቸው አይካድም። ነገር ግን ባለሁለት ምት ሞተር ያልተቃጠለ ቤንዚን ከጭሱ ጋር ያስወጣል፤ ድርሻው እስከ ሲሦ ሊደርስ ይችላል። ዘይቱም ከነዳጁ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚገባ በረዥም ቁልቁለት ጋዙ ተዘግቶ ሞተሩ በጎማው እየተገፋ ሲዞር ፒስተኑ ያለ በቂ ቅባት ይቀራል፤ ሊነክስም ይችላል። ከእንጦጦ ቁልቁል ለሚወርድ ሰው ይህ የመጽሐፍ ስጋት አይደለም።

ስለዚህ ለንድፉ የተመረጠው ባለአራት ምት ሞተር ነው። ለምሳሌ ሆንዳ ጂኤክስ 35 መጠኑ 35.8 ሲሲ፣ ክብደቱ ያለ ነዳጅና ዘይት 3.3 ኪሎ ግራም፣ ከፍተኛ አቅሙ በደቂቃ 7,000 ዙር ላይ 1 ኪሎ ዋት፣ ከፍተኛ ቶርኩ (የመጠምዘዝ ጉልበቱ) በ5,500 ዙር ላይ 1.6 ኒውተን ሜትር ነው። የፍሪሲዮኑ ዓይነት በዙር ፍጥነት ራሱ የሚይዝ ሲሆን፣ እንደ ስፕሪንጉ ጥንካሬ ቢለያይም 4,000 ዙር አካባቢ ላይ መያዝ ይጀምራል ተብሎ ይታሰባል።

ኤሌክትሪኩ ከፊት ጎማ፣ ቤንዚኑ ከኋላ ጎማ ይሆናሉ። ሁለቱን በአንድ ካቴና ማገናኘት በፋብሪካ ደረጃ ጥሩ ቢሆንም፣ በተራ ወርክሾፕ ለሚሠራ ሰው አይመከርም፤ ሁለት የተለያየ ባሕርይ ያላቸውን ሞተሮች በማርሽ ማስማማት ትክክለኛ የማሽን ሥራ ይጠይቃል። በሁለት ጎማ ሲለያዩ ግን የሚያገናኛቸው መንገዱ ራሱ ነው። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሠራል፣ ሁለቱም ቢበላሹ ፔዳሉ አለ። የፔዳሉ ካቴና በቀኝ እንደነበረ ይቀራል፤ የሞተሩ ካቴና በኋላ ጎማው ግራ በኩል ጥርሳም ማርሽ ተጨምሮ ይገጠማል።

የፊቱ ሞተር 36 ቮልት፣ 350 ዋት ሆኖ በቸርኬው መሐል የሚገጠም ነው። በውስጡ ማርሽ ያለው ዓይነት ቀላልና በዝግታም ጉልበት የሚሰጥ ሲሆን፣ ሞተሩ ሲጠፋ ቸርኬው ነፃ ሆኖ ይዞራል። ማርሽ የሌለው ዓይነት ይከብዳል፣ ሲጠፋም ትንሽ ይጎትታል፤ ነገር ግን በቁልቁለት ባትሪውን መልሶ ሊሞላ ይችላል። ይህ የመጨረሻው ጥቅም ብዙ ይወራለታል። ስሌቱ ግን ያን ያህል አያበረታታም። 6 ኪሎ ሜትር በሆነ የ8 በመቶ ቁልቁለት ላይ ብስክሌቱ 480 ሜትር ሲወርድ የሚለቀቀው የስበት ኃይል 144 ዋት-ሰዓት ነው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲወረድ ከዚህ 31 ያህሉን መፋተግና አየር ይወስዱታል። ከቀረው ግማሹ ወደ ባትሪው ቢመለስ ከ60 ዋት-ሰዓት አይበልጥም፤ ይህም በሜዳ ላይ ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ያስኬዳል። ለፍሬን ግን ትልቅ እፎይታ ነው፤ ጉዳዩ ከታች ይነሣል። በዚህ ንድፍ ማርሽ ያለው ሞተር ተወስዷል፤ ሁልጊዜ ቁልቁለት ለሚወርድ ነጂ ምርጫው ሊገለበጥ ይችላል።

ባትሪው 36 ቮልት፣ 10 አምፔር-ሰዓት፣ ማለትም 360 ዋት-ሰዓት ነው። ዕድሜው እንዲረዝም 300ው ብቻ ጥቅም ላይ ቢውል፣ የሞተሩ ብቃት በሜዳ 75 በመቶ ቢሆን፣ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ 35 ኪሎ ሜትር ያደርሳል። ያለማቋረጥ የሚሰጠው ጉልበት 45 ኒውተን፣ ለአጭር ጊዜ የሚሰጠው 106 ኒውተን ተብሎ ተወስዷል።

ማርሹ የሚወስነው ነገር

በዚህ ዓይነት ሥራ ላይ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚከራከሩት ስለ ሲሲና ስለ ዋት ነው። ውጤቱን የሚለውጠው ግን ከሞተሩ እስከ ጎማው ያለው የዙር ቅነሳ ነው።

በመጀመሪያ 27 ለ1 ቅነሳ ይታይ። 5 ለ1 የሆነ ማርሽ ሳጥን፣ ከእርሱም 10 ጥርስ ካለው ወደ 54 ጥርስ በካቴና ሲተላለፍ ይገኛል። በዚህ ቅነሳ ሞተሩ ከፍተኛ ቶርኩን የሚሰጠው በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። የማስተላለፊያው ብቃት 85 በመቶ ቢሆን በባሕር ጠለል 111 ኒውተን፣ በአዲስ አበባ 81 ኒውተን ይሰጣል። በባሕር ጠለል ብቻውን 7.8 በመቶ ዳገት ይወጣ የነበረው ብስክሌት በአዲስ አበባ 5.4 በመቶ ላይ ይቆማል። የኤሌክትሪኩ 45 ኒውተን ሲጨመር 9.6 በመቶ፣ ነጂው በፔዳል 80 ዋት ሲያግዝ 10.6 በመቶ ድረስ ይወጣል።

አሁን ከላይ የተጠቀሰውን የ6 ኪሎ ሜትር ዳገት በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ይውጣ። የሚፈጀው ጊዜ 14 ደቂቃ ተኩል ገደማ፣ የሚጠይቀው ኃይል ከጎማው ላይ 181 ዋት-ሰዓት ነው። ይህን ሁሉ ኤሌክትሪኩ ቢሸከም፣ በዳገት ብቃቱ ወደ 70 በመቶ ስለሚወርድ፣ ከባትሪው 259 ዋት-ሰዓት ይሄዳል፤ አንድ ዳገት ባትሪውን ሊያራቁተው ነው። ከዚያም በላይ 350 ዋት የሆነ ሞተር 109 ኒውተን ለ14 ደቂቃ መስጠት አይችልም፤ ጥቅልሉ ይቃጠላል። በጥምረቱ ግን ቤንዚኑ 81ን፣ ኤሌክትሪኩ ቀሪውን 28 ኒውተን ይሸከማሉ። ከባትሪው የሚወጣው 66 ዋት-ሰዓት፣ ከታንከሩ የሚወጣው ከአንድ ሊትር አንድ አሥረኛ ያነሰ ቤንዚን ይሆናል።

ይህ ያማረ ውጤት ነው፤ ነገር ግን ሌላ ጥያቄ ያስከትላል። ባትሪው አራት ተኩል ዳገት ብቻ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ቤንዚኑ ብቻውን በፔዳል ታግዞም 6.5 በመቶ ብቻ ስለሚወጣ፣ ታንከሩ ሙሉ ሆኖ ብስክሌቱ ይገፋል ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ዕቃ ለሚያደርስ ሰው ይህ ከንድፉ ጉድለት የሚቆጠር ነው።

ቅነሳው 34 ለ1 ቢሆንስ? ባለ 54 ጥርሱ ማርሽ በ68 ጥርስ ይተካል፤ ዲያሜትሩ በተለመደው የብስክሌት ካቴና 27.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚሆን ከፍሬሙ ግራ ክንድ ጋር እንዳይነካካ አስቀድሞ መለካት ያስፈልጋል። በዚህ ቅነሳ ከፍተኛው ቶርክ የሚገኘው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ላይ፣ የመጨረሻው ፍጥነትም 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአዲስ አበባ የሚሰጠው ጉልበት ግን ወደ 102 ኒውተን ያድጋል። የ8 በመቶ ዳገት በሰዓት 20 የሚጠይቀው 104.5 ኒውተን በመሆኑ፣ ሞተሩ ከነጂው ቀላል እገዛ ጋር ባትሪውን ሳይነካ ይወጣዋል። አንድ ሊትር ቤንዚን በ20 በመቶ ብቃት ከጎማው ላይ 1,500 ዋት-ሰዓት ያህል ስለሚሰጥ ዘጠኝ ለሚጠጋ ዳገት ይበቃል።

ከዚህ የሚወጣው የሥራ ክፍፍል በተለምዶ ከሚታሰበው ተቃራኒ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ቤንዚኑ በሜዳ እንዲያስኬድ፣ ኤሌክትሪኩ በዳገት እንዲያግዝ ነው። በደጋ ከተማ ግን የተሻለው ኤሌክትሪኩ መነሻውንና ሜዳውን፣ ቤንዚኑ ዳገቱን እንዲይዙ ማድረግ ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው። ትንሽ የቤንዚን ሞተር ብቃቱ የሚሻለው ሙሉ ጭነት ሲሸከም ነው፤ በሜዳ በሩብ ጭነት ሲጮህ ብቃቱ ወደ 10 በመቶ ሊወርድ ይችላል። ኤሌክትሪኩ በበኩሉ በሜዳ በ159 ዋት ሳይሞቅ፣ ሳይጮህና ሳያጨስ ይሄዳል። ትራፊክ በበዛበትና ሰው በሚተላለፍበት ሜዳ ላይ ጸጥታው፣ ሰው በሚያንስበት ዳገት ላይ ጉልበቱ ይገኛል። 27 ለ1 የሚመረጠው መንገዱ ረዥምና ሜዳማ ሲሆን፣ ለምሳሌ በጣና ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች ለሚንቀሳቀስ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነው። በዚያ ሁኔታ ሞተሩ በዝቅተኛ ብቃቱም እንኳ በአንድ ሊትር ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ሊያስኬድ ይችላል።

መቆጣጠሪያውን በተመለከተ በርካታ ንድፎች ማይክሮ ኮንትሮለር ጨምረው ሁለቱን ሞተሮች በአንድ እጀታ ለማዘዝ ይሞክራሉ። ለመማሪያ ጥሩ ነው። ለሥራ ግን በቀኝ እጅ የቤንዚኑ ጋዝ መስጫ፣ በግራ አውራ ጣት የኤሌክትሪኩ መቆጣጠሪያ ቢሆኑ ነጂው በአንድ ቀን ይለምደዋል። ሊጠበቅ የሚገባው ሕግ አንድ ነው፤ በ34 ለ1 ቅነሳ ፍጥነቱ በሰዓት ከ15 ኪሎ ሜትር በታች ሲወርድ ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ስለሚጀምር ኤሌክትሪኩ ቀድሞ መግባት አለበት። ዘግይቶ ከገባ ቤንዚኑ ሙቀት እንጂ ጉልበት አይሰጥም።

ያለ ቤንዚን ቢሆንስ?

ንጽጽሩ ታማኝ እንዲሆን የቤንዚኑን 8 ኪሎ ግራም በባትሪና በትልቅ ሞተር የተካ ብስክሌት መታየት አለበት። ከ8 ኪሎ ግራሙ 3ቱ ለሚበረታው ሞተር ቢሄዱ፣ በቀሪው 5 ኪሎ ግራም 750 ዋት-ሰዓት ገደማ ባትሪ ይጨመራል። ጠቅላላው 1,110፣ ጥቅም ላይ የሚውለው 925 ዋት-ሰዓት ነው። ይህ ለሦስት ተኩል ዳገት ያህል ወይም ከ100 ኪሎ ሜትር ለሚበልጥ ሜዳ ይበቃል።

በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ዳገት ወጥቶ ማታ ቤቱ ለሚገባ ሠራተኛ ወይም ተማሪ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ጭስ የለውም፣ ዘይት አይቀየርለትም፣ ካንዴላ አይጠረግለትም። ኢትዮጵያ የምታመነጨው ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውኃ የሚገኝ ሲሆን ቤንዚን ግን ሙሉ በሙሉ በውጭ ምንዛሪ ይገባል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑም አቅጣጫውን ያሳያል። በአዲስ አበባ ደግሞ ከ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በሞተር ብስክሌት እንቅስቃሴ ላይ ገደብ ተጥሏል፤ ቤንዚን ሞተር የተገጠመለት ብስክሌት በዚህ ገደብ ፊት ብስክሌት ሆኖ ይቆጠራል ብሎ መገመት የዋህነት ይሆናል። ለከተማ ነዋሪ እንግዲህ ባለሁለት ሞተሩ ብስክሌት አስደናቂ ቢሆንም ትክክለኛው መልስ አይደለም።

ሚዛኑ የሚለወጠው ሁለት ሁኔታዎች ሲገጥሙ ነው። አንደኛው የዳገቱ ብዛት ነው፤ በቀን ስድስትና ሰባት ጊዜ የሚወጣ ሰው በመሐል ባትሪ ለመሙላት ሰዓታት መቆም አይችልም። 1,110 ዋት-ሰዓት ባትሪን 200 ዋት በሚሰጥ ቻርጀር መሙላት ከአምስት ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጃል። ሁለተኛው መብራት የሌለበት ወይም በየጊዜው የሚጠፋበት ቦታ ነው። እዚያ አንድ ሊትር ቤንዚን በፕላስቲክ ጠርሙስ ይገኛል፤ ባትሪ መሙያ ግን ከቅርቡ ከተማ ሊሆን ይችላል። ቀላል መጓጓዣ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ደግሞ ለእንዲህ ያለው ቦታ ነው።

ሊሰበሩ የሚችሉ ነገሮች

ብስክሌት የተነደፈው ለሰው ጉልበት ነው። የፊቱ ሞተር 35 ኒውተን ሜትር ሲጠመዘዝ፣ ዘንጉን የሚይዘው የሹካው ጫፍ በ10 ሚሊ ሜትር ስፋት ላይ 3,500 ኒውተን የሚሆን ጥንድ ጉልበት ይሸከማል። የአሉሚኒየም ሹካ ይህን ደጋግሞ አይችልም፤ ሲሰነጠቅም ቀድሞ አያስጠነቅቅም። ሹካው ብረት መሆን፣ በዘንጉም ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው መደገፊያ ክንድ መታሰር አለበት፤ ያን ጊዜ ጉልበቱ ወደ 350 ኒውተን ይወርዳል። በዳዶ ማጥበቅ ብቻ በቂ ነው የሚል ልማድ ካለ መተው ይገባዋል።

ሁለተኛው የፊት ጎማ መንሸራተት ነው። በዳገት ላይ ክብደት ወደ ኋላ ስለሚሸሽ በፊት ጎማው ላይ የሚቀረው 340 ኒውተን አካባቢ ይሆናል። በክረምት እርጥብ ኮብልስቶን ላይ የመያዝ ልኩ 0.3 ቢሆን ጎማው ሊሸከም የሚችለው 102 ኒውተን ብቻ ነው፤ የሞተሩ ከፍተኛ ግፊት ግን 106 ነው። የፊት ጎማ ሲንሸራተት መሪው አይታዘዝም፤ ነጂው ይወድቃል። ስለዚህ የመቆጣጠሪያው የአምፔር ገደብ ከፍተኛው ቶርክ ከ25 ኒውተን ሜትር እንዳይበልጥ መስተካከል አለበት። የሚታጣው ጉልበት ከቤንዚኑ ይካካሳል።

ሦስተኛው ፍሬን ነው። በ8 በመቶ ቁልቁለት ፍጥነቱን በ25 ኪሎ ሜትር ለመያዝ ፍሬኑ ያለማቋረጥ 440 ዋት ያህል ሙቀት መዋጥ አለበት፤ እንደ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ማለት ነው። ቸርኬውን የሚጨብጠው የጎማ ፍሬን በዚህ ሙቀት ይለሰልሳል፣ የውስጥ ጎማውም ሊፈነዳ ይችላል። ዲስክ ፍሬን ከፊትና ከኋላ ማድረግ ቅንጦት አይደለም። ማርሽ የሌለው የፊት ሞተር በዚህ ቦታ ነው ክብደቱን የሚያስከፍለው፤ ባትሪውን መሙላቱ ትርፍ ሆኖ፣ ዋናው ጥቅሙ ከፍሬኑ ሙቀት ግማሽ የሚሆነውን መውሰዱ ነው።

የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይፈስሳል። ታንከሩን በፍሬሙ ላይኛ ዘንግ፣ ባትሪውንና መቆጣጠሪያውን ከሥሩ ማስቀመጥ ለዓይን ደስ ቢልም፣ የሚያንጠባጥብ ቱቦን ከብልጭታ በላይ ማንጠልጠል ነው። ባትሪው በፍሬሙ መሐል፣ ታንከሩ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ ይሁን፤ በባትሪው አወንታዊ ሽቦ ላይ ፊውዝ፣ በመሪው ላይ ሁለቱንም ሞተሮች በአንድ ጊዜ የሚያጠፋ ማብሪያ ይኑር። የፍሬን እጀታው ሲጨበጥ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጥ ማብሪያም ከቻርጀሩ ቀድሞ መገዛት ያለበት ዕቃ ነው።

ስሌቱን በመንገድ ላይ ለማረጋገጥ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። በሁለቱ የዳገት ጫፎች ከፍታን የሚለካ ስልክ፣ ከባትሪው የወጣውን ዋት-ሰዓት የሚቆጥር አነስተኛ ቆጣሪ፣ ነዳጅን በሚሊ ሊትር ለመለካት ደግሞ የሕክምና መርፌ ይበቃሉ። ሙከራው በቅደም ተከተል ቢደረግ ይመረጣል፦ መጀመሪያ ሞተሮቹ ጠፍተው በሜዳ ላይ ብስክሌቱ በራሱ ግፊት ተንሸራቶ እስኪቆም የሄደበት ርቀት ተለክቶ የመፋተጉ ልክ ይወጣል፤ ቀጥሎ ኤሌክትሪኩ ብቻ፣ ከዚያ ቤንዚኑ ብቻ፣ በመጨረሻ ሁለቱ አንድ ላይ በአንድ ዳገት ላይ ቢያንስ ሦስት ሦስት ጊዜ ይፈተናሉ። ከእነዚህ ልኬቶች ስሌቱን ይበልጥ ሊለውጥ የሚችለው የመጀመሪያው ነው፤ በኮብልስቶን ላይ መፋተጉ 2 በመቶ ከደረሰ በሜዳ የሚገመተው 35 ኪሎ ሜትር ወደ 24 ይወርዳልና፣ የባትሪው መጠን ከመግዛት በፊት እንደገና መታሰብ ይኖርበታል።